በጥቅምት ብርድ ልጄን ምን አስመስዬ ልላካት?

ጥያቄ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ሁለት ትማራለች። ሰሞኑን ደብተሯ ላይ ማስታወሻ ተለጥፎ መጣ። ጥቅምት 21 የአልባሳት ቀን ስለሆነ ልጆች የፈለጉትን መስለው ይምጡ ይላል። መምህሯን ስጠይቃት «ያው ሃሎዊን ነው፣ እኛ ግን ለጨዋታ ብቻ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ጎረቤቴ ለልጇ የስፓይደርማን ልብስ ከአዲስ አበባ አዛለች። እኔም አንድ አከራይ ጋ ደውዬ ነበር፣ ለአንድ ቀን 1,800 ብር አሉኝ፣ ማስያዣው ሌላ። እኔ ከ300 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። ባለቤቴ ደግሞ «በማርያም ቀን ልጄን ጭራቅ አስመስዬ አልልክም» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። እስቲ ምከሩኝ።

የአንድ ልጅ እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ኪራዩን እርሺው። ልጅቷ ልብሱን ለብሳ የምትቆየው ቢበዛ ግማሽ ቀን ነው፣ ያውም ግማሹን ሰዓት «እማዬ ይበላኛል» እያለች። ጁስ ከፈሰሰበት ደግሞ ማስያዣሽም አብሮ ፈሰሰ ማለት ነው።

ባለቤትሽ ያለው ይገባኛል። ወር በገባ በ21 ማርያም ናት፣ በዚያ ቀን አጽምና ደም የተቀባ ፊት ማየት የማይፈልግ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ግን ነገሩን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ አትጣሉት። ሃሎዊን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 የሚውል፣ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የተነሣ ልማድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰደዱት ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ፣ እዚያ ዱባ እየተቀረጸበት ደመቀ። ልጆቹ የፈለጉትን መስለው ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ ይጠይቃሉ። ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ሙልሙል ይዞ ለተመለሰ የሸዋ ልጅ ቤት ለቤት መዞሩ እንግዳ ነገር አይመስለኝም። ጭራቅ መሆንም ግዴታ አይደለም፣ እዚያም አገር ትንንሾቹ ንብ ወይ ጥንቸል ወይ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆነው ነው የሚወጡት። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። እንቢ ካለም እንቢ አለ፣ ለመምህሯ ቀድመሽ አሳውቂያትና ልጅቷ በዚያ ቀን ቤት ትዋል። ሁሉም ሰው ልጁን የግድ መላክ የለበትም።

ተስማምታችኋል ብዬ ልቀጥል። የእኔ ምክር ልጅቷን ጭላዳ ዝንጀሮ አድርጊያት ነው። አትሳቂ! ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም አገር የለም፣ መንዝ ጓሳ ላይ መንጋው ሣር ሲግጥ ይውላል። ስፓይደርማን የለበሱ አምስት ልጆች በተሰለፉበት ግቢ አንዲት ጭላዳ ስትገባ ማን እንደሚታይ አስቢው። ሥራውም ቀላል ነው፣ ምክንያቱም የጭላዳ ምልክቱ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጋማውና ደረቱ ላይ ያለው ቀይ። ቀዩ ወንዱም ላይ ሴቷም ላይ አለ። ጋማው እንኳ የወንዱ ነው፣ ግን ኬጂ ሁለት ማንም አይፈትሻትም።

ከቤት ቡናማ ወይ ግራጫ ሹራብ ፈልጊ፣ ቆብ ያለው ቢሆን ደስ ይላል። ከሌለ ሰልባጅ ተራ ሂጂ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዢ፣ ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ። ለጋማው የበግ ጠጉር እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ነው ያለሽው፣ ዝተትና ባና ከሚሠሩ ሰዎች ትንሽ ለምኚ። ግን ያልታጠበ ጠጉር ይሸታል፣ ያሳክካልም። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ይህ ከሰለቸሽ ቃጫ ግዢ፣ ወይም ያረጀ ሹራብ ተርትሪ። ከዚያ ሁለት ጣት የሚሆን የአቡጀዲ ጥብጣብ ቆርጠሽ ጠጉሩን ወይ ክሩን በትንንሽ ጭብጥ እያደረግሽ አንዱን ከአንዱ አስጠግተሽ ስፊበት። ጥብጣቡን በሹራቡ አንገት ዙሪያና በቆቡ ጠርዝ ላይ ጠምዝዘሽ በወፍራም ክር ረገጥ ረገጥ አድርጊው። መርፌ ቁልፍ ይቀላል፣ አውቃለሁ፣ ግን ልጆች ሲሯሯጡ ይከፈትና ይወጋል፣ በተለይ አንገት አካባቢ አይሆንም።

ለደረቱ ቀይ ጨርቅ መግዛት አያስፈልግሽም። በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቶ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂና ቁርጥራጭ ስጠኝ በዪው፣ እግሩ ሥር የማይሞላው ቀለም የለም። ልብ አስመስለሽ ቆርጠሽ ስፊው። ጭራው ያረጀ ረጅም ካልሲ ነው፣ ውስጡን በጨርቅ ሙዪው፣ ጫፉ ላይ የተረፈሽን ጠጉር ቋጥሪበት። ከጉልበቷ በታች አይውረድ፣ ሰልፍ ላይ ሌላው ልጅ ይረግጠውና ልቅሶ ነው። በቃ፣ ከታች ታይትና የዘወትር ጫማዋ። ይሄ ሁሉ ከሹራቡ ጋር ሠላሳ አርባ ብር ነው አልልሽም፣ 300 ብርሽ ግን በሰልባጅ ቤት ለሹራቡ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሹራብ ቤት ካለሽ ደግሞ ገንዘቡ ከቦርሳሽ አይወጣም።

አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ያልኩሽ ለብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የጥቅምት ጠዋቷን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። የሚከራየው ልብስ ስስ ናይለን ነው፣ ከላዩ ጃኬት ሲደረብበት ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሙቀቱ ከሥር ይሁን፦ ካናቴራ፣ ስስ ሹራብ፣ ከዚያ ጭላዳው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ከሥር ያለውን መምህሯ ታወልቅላታለች።

ሽንት ቤቱንም አስቢ። ከአንገት እስከ እግር አንድ ወጥ ሆኖ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ ልብስ ለአምስት ዓመት ልጅ መከራ ነው። ላይና ታቹ ለየብቻ ከሆነ ራሷ ትችለዋለች።

የፕላስቲክ ጭምብል አታድርጊላት፣ ግራ ቀኙን ስለሚጋርድባት ደረጃ ላይ ትወድቃለች። ፊቷን መቀባት ካማራት ደግሞ ኩል አይሁን፣ ብዙው ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ የሕፃን እጅ ደግሞ ከፊት ወደ አፍ ለመሄድ ጊዜ አይፈጅበትም። የፊት ቀለም ከሌለሽ ፊቷን ተዪው፣ ጋማው ይበቃል። ሌላው የምፈራው እሳት ነው። በእኛ ትምህርት ቤቶች ዝግጅት ካለ ቡና መፈላቱ አይቀርም፣ ከሰሉም እዚያው መሬት ላይ ነው። ጠጉር የተንጠለጠለበት ልጅ፣ ይልቁንም ናይለን የለበሰ፣ ከምድጃው አጠገብ ማለፍ የለበትም። መምህሯ ፈረንጅ ትሁን ሐበሻ ይህን በግልጽ ንገሪያት፣ አትፈሪ።

ዋናውን ረስቼ፣ ልጅቷን ጠይቂያት። ግን «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አትበያት፣ የካርቱኗን ኤልሳ ትልሻለች፣ አለቀ። «ጭላዳ ወይስ በግ?» በያት። በግ ካለች ሥራሽ ግማሽ ሆነ፣ ነጭ ሹራብና ሁለት የጨርቅ ጆሮ ነው። ነርስ ወይ ፖስተኛ ካለችም በካርቶን ቆብና በአንድ ቦርሳ ያልቃል። የቄስና የመነኩሴ ልብስ ግን ለጨዋታ ባይነካ እመርጣለሁ፣ በዚህስ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ።

ጥያቄ

እንደምን ሰነበታችሁ። አያት ነኝ፣ መሐል ሜዳ። የልጅ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ለበዓል «ጀግና መስሎ ይምጣ» ብሏል። ሣጥን ውስጥ የአባቴ በርኖስ አለ። ሚስቴ ከታች ቆርጠን እናሳጥርለት ትላለች፣ እኔ ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ

አባባ፣ እባክዎ መቀስ አያስነኩት! እማማ አይቀየሙኝ። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሸመነ የጥንት በርኖስ ተቆርጦ አይመለስም፣ ልጁ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል።

መጀመሪያ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያራግፉት፣ ብል በልቶት እንደሆነም ይዩት። ከዚያ ልጁን ያቁሙና ትከሻው ላይ ጣል ያድርጉበት። ጎንበስ ካለ ከብዶታል ማለት ነውና ይተዉት፣ ለትልቁ ቀን ያቆዩለት። ከቻለው ታችኛውን ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ይርገጡት፣ ማታ ክሩን መዘው ያወጡታል። ቁመቱ ከባቱ በላይ ይሁን። ትከሻው ላይ ያለውን ሹል እንዳያጥፉት፣ በርኖስን በርኖስ የሚያደርገው እሱ ነው። አንገቱ ላይ በገመድ አይሰሩት፣ ሌላ ልጅ ከኋላ ቢጎትተው ያንቀዋል። በአንድ ቁልፍ ደረቱ ላይ ይያዝ፣ ሲጎተት እንዲለቅ ተደርጎ ላላ ይበል።

በርኖሱ ካልሆነ የእርስዎ ጥቁር ነጠላ ፎጣ እንኳ ካባ ይሆናል። እጁ ላይ ጎራዴም ዱላም አይስጡት፣ አራት ዓመት ልጅ ዱላ ይዞ ሲዞር የሰው ዓይን ነው የሚፈልገው። ጭራ ያስይዙት። ዝንብም ያባርርበታል፣ ጀግናም ያስመስለዋል።

ጥያቄ

ከሸዋ ሮቢት ነኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለሦስት ዓመት ልጄ የሃሎዊን ልብስ ልላክልህ ትላለች። ድብ ይሁን አንበሳ ብላኛለች። ያዋጣል?

መልስ

ወንድሜ፣ የላከችው በነፃ ነው ብለህ አትቸኩል፣ ፖስታው ከልብሱ ሊበልጥ ይችላል። ሰው ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ጣል ታድርግልህ። ለዘንድሮ አይደርስም፣ ግን ከሃሎዊን ማግስት ጀምሮ እዚያ ያሉ ሱቆች የተረፈውን በጣም ቀንሰው ነው የሚሸጡት፣ ያኔ ትግዛና ለሚመጣው ዓመት ይቀመጥ። ቁጥሩን በዕድሜ አትንገራት፣ የዚያ አገር «3ቲ» የሚባለው የሦስት ዓመት ልጅ ቁጥር እና የእኛ ልጅ ሦስት ዓመት ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ለካና ላክላት፣ ለሚያድግበትም አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምርበት።

ድቡን ግን ተወው። ውስጡ ስፖንጅ የተሞላ ጠጉራም ልብስ ለደብረ ብርሃን እንጂ ለሸዋ ሮቢት ቆላ አይሆንም፣ ልጁ በላብ ያልቅልሃል። አንበሳም ከሆነ ጆሮና ጋማ ያለውን ቆብ ብቻ ትላክልህ፣ ከሥሩ ቢጫ ካናቴራና ቁምጣ ታለብሰዋለህ። ልብሱ ሲደርስ ደግሞ የተሰፉትን ዓይኖችና ቁልፎች አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርገህ እያቸው፣ የላላ ካለ ነቅለህ ጣለው፣ በሦስት ዓመቱ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው።