ቀለበት ቆጥረህ አትወራረድ

ወንድሜ፣ «ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በቅርጫት ኳስ ጆርዳን ይበልጣል ወይስ ሌብሮን ብለን ልንከራከር ነው፣ በምን ልርታቸው?» ብለሃል። የጆርዳን ወገን ነህ ብዬ ነው የምመልስልህ። እኔም ነኝ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ።

1. በቀለበት፣ ማለትም በኤንቢኤ ዋንጫ ብዛት፣ አትጀምር። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ «ጆርዳን 6፣ ሌብሮን 4፣ አለቀ» አልኩ። ያውም ለስድስት ሰው ክትፎ ተወራርጄ። ጥግ ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ ከስልካቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሮበርት ሆሪ ስንት አለው?» አሉኝ። 7። አንድም ጊዜ ለኦል ስታር፣ ለዓመቱ የኮከቦች ጨዋታ፣ ያልተመረጠ ተጫዋች! አፌን ሳልከፍት፣ «ቢል ራስልስ?» ቀጠሉ። 11፣ በ13 ዓመት። ቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ። ፀጉር ቆራጩ ራሱ ማሽኑን አጥፍቶ ሳቀ። ግማሹ ፀጉሬ ተቆርጦ ግማሹ ስለቀረ ተነስቼ መውጣትም አልቻልኩም። ራስል ሲጀምር ሊጉ 8 ቡድን ብቻ እንደነበረው ትዝ ያለኝ ማታ አልጋዬ ላይ ነው። ምን ዋጋ አለው? የአንድ ፈረቃ ደሞዜ ገደል ገብቷል።

2. ዘመን ለይ። ብሎክ (የተወረወረ ኳስ ማገድ) እና ስቲል (ኳስ መንጠቅ) መመዝገብ የጀመረው በፈረንጆች 1973 ነው፣ የሦስት ነጥብ መስመር የመጣው በ1979። በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስገባው ቻምበርሌይን በሙያው ስንት ብሎክ እንዳደረገ በይፋ የተመዘገበ ነገር የለም።

3. ከመወራረድህ በፊት «ታላቅ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለህ አስማማቸው። ዋናው ስህተቴ ይሄ ነው። ብዙ ዓመት መቆየት ካሉህ በጊዜ እጅህን ስጥ፤ ሌብሮን በ2023 የከሪም አብዱል-ጀባርን የሙያ ዘመን 38,387 ነጥብ አልፎታል። አንድ ሰው በብቃቱ ጫፍ ላይ ሲሆን ካሉህ ግን 1988ን አውጣ። ጆርዳን በዚያ አንድ ሲዝን የነጥብ መሪ፣ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች እና የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆኗል። ሦስቱንም በአንድ ዓመት የጠቀለለ ሌላ ሰው የለም።

በወሩ ተመልሼ ሄጄ ይችን ለጋሼ ነገርኳቸው። ስልካቸውን አስቀመጡ! «አሁን ገና አወራህ» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ። ክትፎውን ግን የመለሰልኝ የለም።

ስወጣ «ለእርስዎስ ማነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከሪም» አሉ። 6 ዋንጫ፣ 6 ጊዜ የዓመቱ ኮከብ። ለዚህ መልስ ካገኘህ ከቅዳሜ በፊት ጻፍልኝ፤ ፀጉሬ አድጓል።