የፎቶ ድረ ገጻችሁን አየሁት፤ አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የዶክመንተሪ ፎቶ ድረ ገጻችሁን ሊንክ ልካችሁ «እስቲ እየውና አስተያየትህን ስጠን» ብላችሁኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለማይቻል ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚሁ እመልሳለሁ። ሥራዬ የሰው ፎቶ መምረጥ ስለሆነ አፌ ትንሽ ሻከር ይላል፤ አትቀየሙኝ። ካየኋቸው ገጾች በካሜራ ማነስ የተበላሸ የለም ማለት እችላለሁ። ያበላሿቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፎቶ ማብዛትና መግለጫ መንፈግ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ያለውን ምናለሽ ተራን ለረጅም ጊዜ ሳነሳ ቆይቼ ከስልሳ በላይ ፎቶ ለጠፍኩ። ጓደኞቼ ሁሉ «አሪፍ ነው» ይላሉ፤ ግን እስከ መጨረሻ ያየው ሰው የለም። ለምን?

እኔም አልጨረስኩትማ! ገና ግማሽ ሳልደርስ ደከመኝ። በርሜል የሚጠፈጥፍ ሰው ብቻ ዘጠኝ ጊዜ አሳይተኸኛል። ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። አንዱን ብቻ አስቀር። እኔ ብሆን መዶሻው አየር ላይ እያለ፣ ልጁ በርሜሉን በእግሩ ረግጦ ፊቱን ያዞረበትን እመርጣለሁ። ጩኸቱ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ሌሎቹ ስምንቱ ያንኑ ይደግማሉ።

የጎደለው ደግሞ ሌላ ነው። ያ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሆናል አይደል? ታዲያ ምድጃው የታለ? ገዢው፣ ዋጋ የሚከራከረው፣ ተሸካሚው፣ ማታ ሱቁ ሲዘጋ? አንዳቸውም የሉም። ፎቶዎቹን ርካሽ ማተሚያ ቤት ወስደህ በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትማቸውና መሬት ላይ ዘርጋቸው። በስክሪን ላይ መቀነስ ያቅታል፤ መሬት ላይ ግን የሚደጋገሙት ራሳቸው ይታዩሃል። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ብታስቀር ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ራሱ ይናገራል ይባላል። መግለጫ መጻፍ ግዴታ ነው?

ይሄን አባባል የሚወዱት መጻፍ የሚሰለቻቸው ፎቶ አንሺዎች ናቸው። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ ውስጥ ከአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው። ላንጅ የሴትየዋን ዕድሜ መዝግባለች፤ 32። ስሟን ግን አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ፊቷን ዓለም ሁሉ አርባ ዓመት ሲያየው ኖሮ ማለት ነው። ሴትየዋም በፎቶው ደስተኛ አልነበረችም።

ከላይ ወደጠየቀው ልጅ ልመለስ። ከበርሜሉ ፎቶ ሥር «የኑሮ ትግል» ብሎ ጽፏል። ይሄ ለየትኛውም ፎቶ ይሆናል። እንዲህ ቢለውስ? «እገሌ፣ 19 ዓመቱ፣ የዘይት በርሜል ሲጠፈጥፍ። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ጥር 2016 ዓ.ም.። ከዚህ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራል።» ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፤ በመጨረሻም ፎቶው ላይ የማይታይ አንድ ነገር። «ትግል» የሚለውን ተመልካቹ ራሱ ያገኘዋል። ስሙ እንዲጻፍ ካልፈለገ ደግሞ አይጻፍ። ግን መጀመሪያ ጠይቀው።

ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትንም አትርሱ። «1983» ብሎ የሚያልፍ ገጽ አይቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ያነሳሁትን ሰው ሁሉ ማስፈቀድ አለብኝ?

ጋሼ አልክ? ይሁን እንግዲህ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፦ የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲጠቅም፣ በአደባባይ የተደረገ ዝግጅት ሲሆን። ስለዚህ መስቀል አደባባይ ደመራ ላይ ሕዝቡን ብታነሳ ችግር የለም። ሻይ እየጠጣች ያለችን አንዲት ሴት ፊቷን አቅርበህ ካነሳህ ግን ጠይቃት። ከድረ ገጹ ላይ አውርድልኝ ካለችህም አውርድ፤ አትከራከር።

ከሕጉ ይልቅ ሰዉ የሚያዝንብን በሌላ ነገር ነው። «ታነሱናላችሁ፣ ፎቶውን ግን አትሰጡንም።» ይሄን ያልተባለ ፎቶ አንሺ ካለ እጁን ያውጣ። አሳትማችሁ ውሰዱላቸው።

ጥያቄ፦ ድርቅ ባለበት አካባቢ የተራቡ ሕጻናትን አንስቻለሁ። ገጹ ላይ ላውጣቸው?

በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው የረሃብ ምስል ዓለምን አናወጠ፤ ብዙ እርዳታም አመጣ። ይሄን ማንም አይክድም። ግን ያ ምስል ዛሬም ይከተለናል። ከአገር ውጭ የምትኖሩ «ኢትዮጵያ» ስትሉ ምን እንደሚመልሱላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የእኔ መልስ፦ የልጁን ፊት ብቻውን አታውጣው። ወላጆቹን አስፈቅደህ፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ የጠፋውን ውኃ፣ እናቱ የምትሠራውን አብረህ ካሳየህ አውጣው። እነዚያን ካላነሳህ ደግሞ ተመልሰህ ሂድ። የተራቆተ ሕጻን ግን በምንም ምክንያት አይለጠፍ።

ጥያቄ፦ አስተያየት ስጠይቅ ወይ «ዋው» ይሉኛል፣ ወይ ዝም ይሉኛል። ጠቃሚ አስተያየት እንዴት ይገኛል?

ጥያቄሽ ሰፊ ስለሆነ ነው። «እንዴት ነው?» ለሚል ሰው ይሉኝታ ያለው አበሻ «ቆንጆ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ጥያቄውን አጥብቢው። «ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን አውጣ ብልህ የትኞቹን ታወጣለህ?» በዪ። ያኔ ሰው ሳይፈራ ይናገራል፤ እንዲተች ሳይሆን እንዲመርጥ ነው የጠየቅሽው። ቀጥለሽ ደግሞ «ታሪኩ ስለምን መሰለህ?» በዪ። መልሱ አንቺ ካሰብሽው ጋር ካልተገናኘ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሰዎቹንም መርጠሽ ጠይቂ። አንድ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ስለ ቦታው ምንም የማያውቅ ሰው፣ አንድ ደግሞ እዚያው ቦታ የሚኖር። ሦስተኛውን ሁሉም ይረሳዋል፤ ትልቁን ስህተት የሚያገኘው ግን እሱ ነው። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶችን ያነሳች አንዲት ልጅ ገጽ ላይ «ወደ ገበያ ሲሄዱ» የሚል መግለጫ አየሁ። ሴቶቹ ባዶ ገመድ ይዘው ወደ ተራራው ፊታቸውን አዙረዋል! ከሽሮ ሜዳ አንድ ሰው ቢያየው ወዲያው ይይዘው ነበር።

ሌላም ዘዴ አለ። ስልክሽን ስጪውና ዝም ብለሽ ጣቱን እዪ። የት ቆመ? የቱን ዘለለ? የቱን በጣቶቹ አጎላ? «እዚህ ጋ እኮ…» እያልሽ ማስረዳት ከጀመርሽ የሱን አስተያየት አታገኚም፤ የራስሽን ትሰሚያለሽ። እየተከላከልሽ አትስሚ።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነው የምኖረው። የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድን በየዓመቱ አነሳለሁ። ገጼን በአማርኛ ላድርገው ወይስ በዕብራይስጥ?

መግለጫውን በሁለቱም ጻፈው። አያቶች በአማርኛ ያንብቡት፣ የልጅ ልጆች በዕብራይስጥ። አማርኛው በአንዳንድ ስልክ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ እንዳይወጣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ከገጹ ጋር አብረህ ጫን።

ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ቄሶቹን ከነጃንጥላቸው ማንሳት ደስ ይላል። ግን ስግድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ደረጃ የታወቀ በዓል ስለሆነ ያንን ፎቶ ሁሉም አለው። አንተ ቤተሰብ ነህ። ሌሊት ነጭ ልብሱ ሲተኮስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከጸሎቱ በኋላ ጾሙ ሲፈታ፣ እዚያ መግባት የምትችለው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የድሮ ኔጌቲቮች አሉኝ፤ በድረ ገጽ ላውጣቸው ብዬ አስባለሁ። ከየት ልጀምር?

ስካን ከማድረግዎ በፊት ከማስታወሻ ይጀምሩ። ፎቶው ላይ ያሉትን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ስም፣ ቦታና ዓመት ይጻፉ። ስካነር በኋላም ይገኛል። የታተሙት ፎቶዎች ጀርባ ላይ ከሆነ በስሱ፣ በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶው ፊት ያልፋል። የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ደግሞ የልጆቹን ፈቃድ ቢያገኙ መልካም ነው።

ቶሎ ቶሎ የሚመለሱ

*ገጼ ለመክፈት ይዘገያል።* ከካሜራው የወጣውን እንዳለ ስለጫንከው ነው። አንዱ 10 ሜጋ ባይት ከሆነ ሃያው 200 ይሆናል። በዳታ የሚከፍት ሰው ይሸሻል። ረጅሙን ጎን 2000 ፒክስል፣ ቀለሙን ኤስአርጂቢ (ለስክሪን የሚሆነው የቀለም ዓይነት)፣ ክብደቱን ከ500 ኪሎ ባይት በታች አድርገው። በቃ።

*ዎተርማርክ ልለጥፍ?* አትለጥፍ። ፊት ላይ የተጻፈ ስም ፎቶውን ይገድለዋል፤ ሌባ ደግሞ ቆርጦ ይወስደዋል። ስምህን በፋይሉ ሜታዳታ (ከፎቶው ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ፊቱ ላይ የማይታይ መረጃ) ውስጥ አስገባ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) ፎቶህ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት መብቱ ያንተ ነው።

*ጥቁርና ነጭ ላድርገው?* ቀለሙ ስላስቸገረህ ከሆነ አታድርገው።

*በኤዲቲንግ እስከ የት መሄድ ይቻላል?* ብርሃን ማስተካከልና ጠርዝ መቁረጥ ይቻላል። ነገር ማጥፋትና መጨመር አይቻልም። ላንጅ እንኳ በዚያው ፎቶ ጥግ ላይ የገባ አውራ ጣት ከኔጌቲቩ ላይ በማስጠፋቷ አለቃዋን አስቆጥታለች።

*ቴሌግራም ላይ ብልክስ?* እንደ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ከላክሽው ጥራቱ ይጠበቃል፤ ግን በስልክ የተነሳ ከሆነ የቦታው ምልክት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሊደበቁ የሚገባቸውን ሰዎች ካነሳሽ መጀመሪያ አጥፊው።

ጥያቄ፦ ገጼን አዲስ ፎቶ ፌስትን ለመሰሉ ዝግጅቶችና ለአዘጋጆች መላክ እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ያንን ፌስቲቫል ከጀመረችው ጊዜ አንስቶ፣ የእኛን ሰው ሥራ ለማሳየት በር ተከፍቷል። በመጀመሪያ ግን የማመልከቻውን ደንብ አንብብ፤ አሥር ፎቶ ካሉ አሥር ነው የሚፈልጉት። ለአዘጋጅ ስትጽፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማንን አነሳህ፣ የት፣ ለምን አንተ። ከዚያ አንድ ሊንክ። ሊንኩ በቀጥታ ታሪኩ ላይ ይክፈት፤ የሠርግ ሥራህን የያዘው መግቢያ ገጽ ላይ አይሁን። ሠርጉን ሌላ አድራሻ ላይ አድርገው።