ክስ ስታነሱ ምክንያቱን ጻፉ፤ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ ጥብቅና የጀመራችሁ፣ በየወረዳው ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተሾማችሁም፣ ይህን የምጽፍላችሁ ብዙዎች ሳያዩት ስለሚያልፉት ጉዳይ ነው። ከሳሽ የፍትሐ ብሔር ክሱን ሲያነሳ፣ ማለትም ጀምሮት ሲተወው፣ በክርክሩ የወጣውን ወጪና ኪሳራ ማን ይሸከማል? የበላይ ፍርድ ቤትስ ይህን ትእዛዝ ሲመረምር ምን ያያል?

በየመዝገቡ የምታገኙት የክስ ማንሻ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ነው። «ክሴን ማንሳት ስለፈለግሁ መዝገቡ እንዲዘጋልኝ አመለክታለሁ።» ትእዛዙም ያንኑ ያህል አጭር ነው፤ ክሱ ተነስቷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ከሳሽ ለተከሳሽ ወጪና ኪሳራ በቁርጥ ይህን ያህል ብር ይክፈል። ከዚያ ከሳሹ ቅር ተሰኝቶ ወደ በላይ ይሄዳል። የበላዩ ዳኛ መዝገቡን ሲገልጥ ክሱ ለምን እንደተነሳ የሚናገር አንድም ቃል አያገኝም። ጠበቃው በቃል ክርክሩ ያን ጊዜ ያልተጻፈውን ታሪክ ሊነግረው ይሞክራል፤ ጊዜው ግን አልፏል።

ሕጉን እናስታውስ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 278 ከሳሽ ክሱን በማናቸውም ጊዜ ማንሳት ወይም ከጠየቀው ከፊሉን መተው እንደሚችል ይደነግጋል። መንገዱ ግን ሁለት ነው። ክሱ በአቀራረብ ጉድለት ሊወድቅ የሚችል ከሆነ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለ፣ ፍርድ ቤቱ ተገቢ የመሰለውን ግዴታ አስቀምጦ አዲስ ክስ የማቅረብ መብቱን ጠብቆ ሊፈቅድለት ይችላል። ያለ ፈቃድ ያነሳ ከሳሽ ግን ፍርድ ቤቱ የሚወስነውን ኪሳራ ይከፍላል፤ በዚያው ጉዳይም ዳግመኛ መክሰስ አይችልም። በቁጥር 462 ደግሞ ወጪና ኪሳራውን ማን፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለው ለፍርድ ቤቱ ሚዛን የተተወ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። ባለጉዳዩ ሁለት መስመር ማመልከቻ ላይ ሲፈርም መሬቱን ወይም ገንዘቡን ዳግም የመጠየቅ መብቱን ሊያጣ፣ በላዩም ሊከፍል እንደሚችል ሳይነገረው ከፈረመ በደል ተፈጽሞበታል። በተለይ ማንበብ የማይችል ገበሬ ከደላንታ ወይም ከቦረና መጥቶ ጣቱን በቀለም ሲያትም ይህን አንድ በአንድ ልታስረዱት ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ እንምጣ። ክስ የሚነሳበት ምክንያት አንድ አይደለም፤ የኪሳራው ፍትሕም የሚለያየው በዚሁ ነው። እንበል፣ አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ በዱቤ የሸጠው እህል ዋጋ ሳይከፈለው ቀርቶ ከሰሰ። ተከሳሹ መጥሪያ እንደደረሰው ሮጦ መጥቶ ዕዳውን ከፈለ። ነጋዴው የሚፈልገውን ስላገኘ ክሱን አነሳ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ክሱን አንስቷል» ብቻ ከሆነ ነጋዴው እንደተሸነፈ ሰው ይቆጠራል፤ የዳኝነት ገንዘብ የከፈለ እርሱ ሆኖ ሳለ ኪሳራ ክፈል ይባላል። ይህ ያስቆጣኛል። ያለ ክስ የማይከፍል ሰው ተከሶ ከከፈለ በኋላ በኪሳራ ስም ካሳ ሲያገኝ ፍርድ ቤቱ ለዕምቢተኝነት ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። ነጋዴው በማመልከቻው ላይ «ተከሳሽ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ስለከፈለኝ» ብሎ የባንክ ደረሰኙን ቢያያይዝ፣ የራሱንም ወጪ ቢጠይቅ፣ ዳኛውም ሆነ የበላዩ ፍርድ ቤት በሌላ ዓይን ያዩታል።

በተቃራኒው፣ ምስክር ተሰምቶ፣ የባለሙያ አስተያየት ተሰጥቶ፣ ተከሳሽ ሁለት ክረምት ተመላልሶ፣ ለፍርድ ሲቃረብ ከሳሽ እንደሚሸነፍ አውቆ ክሱን ቢያነሳ፣ ተከሳሹ ያለ ኪሳራ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ የተሳፈረበት፣ ያደረበት፣ ለምስክሮቹ የከፈለው ሁሉ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለተከሳሽ የቆማችሁም ክሱ ሲነሳ ዝም ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። በዚያው ቀን ኪሳራ ጠይቁ፤ ቢያንስ ዝርዝር የማቅረብ መብታችሁ እንዲጠበቅ በትእዛዙ ውስጥ አስገቡ። የአውቶቡስ ትኬቱን፣ የአልጋ ደረሰኙን፣ የጥብቅና ውሉን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ አስቀምጡ።

የበላይ ፍርድ ቤት ምርመራ ላይ ብዙ ወጣቶች ይሳሳታሉ። የበላዩ ዳኛ «እኔ ብሆን ይህን ያህል አልወስንም ነበር» ብሎ ብቻ የሥር ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ እንዲሽር አትጠብቁ፤ ሚዛኑ የተሰጠው ጉዳዩን ለሰማው ዳኛ ነው። የምታሳዩት ሚዛኑ ያለአግባብ መሥራቱን ነው። ሊታይ የሚገባው ምክንያት ታልፎ እንደሆነ፣ ያልወጣ ወጪ ተቆጥሮ እንደሆነ፣ ኪሳራው መካሻ መሆኑ ቀርቶ መቅጫ ሆኖ እንደሆነ፣ ተከራካሪው ሳይሰማ ተወስኖ እንደሆነ። ወደ ሰበር፣ የመጨረሻ ውሳኔን ወደሚመረምረው ችሎት፣ ስትሄዱ ደግሞ መንገዱ ይጠባል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። «ብሩ በዛብኝ» የሚል አቤቱታ እዚያ የሚያዋጣ አይመስለኝም። «ዳኛው ክሱ የተነሳበትን ምክንያት ጨርሶ ሳያይ ወሰነ» የሚለው ግን መዝገቡ ከደገፈው ክብደት አለው።

በእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ክሱን የሚያቋርጥ ከሳሽ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን የተከሳሹን ወጪ ይከፍላል። እዚያም ቢሆን ከዚህ መነሻ ደንብ መውጣት የሚፈልገው ከሳሽ ምክንያቱን ማሳየት አለበት። የእኛ ሕግ ለዳኛው የሰጠው ቦታ ሰፋ ያለ ይመስለኛል፤ ሰፊ ሥልጣን ሲሰጥ ደግሞ የሚጻፈው ምክንያት ይበልጥ ያስፈልጋል። እናንተ ወጣት ዳኞች፣ «በቁርጥ» ከማለታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፤ ክሱ በምን ደረጃ ተነሳ፣ ለምን ተነሳ፣ ገንዘቡ ከየት ተሰላ። የተረታው ሰው ሲያነበው ሊቀበለው የሚችለው ምክንያት ሲኖር ነው። ቢመረመር ትእዛዛችሁ ይጸናል፤ አብሽሩ።

ወሎ ላይ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። ብዙ ክስ የሚነሳው አበጋሮች፣ ማለትም የባህል አስታራቂዎች፣ እና የአገር ሽማግሌዎች ስላስታረቁ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ዘመድ ከዘመድ በወሰን ሲካሰስ ከፍርድ ይልቅ እርቅ ይበልጣል። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት የተጨባበጡ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው በደፈናው «ክሱን አንስቻለሁ» ሲሉ እርቁ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ከወራት በኋላ አንደኛው ሲያፈርስ ሌላው መክሰስ እንደማይችል ይነገረዋል። ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ የእርቅ ስምምነት የሚቀርብበትን መንገድ ዘርግቷል፤ ተጠቀሙበት። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፣ ወጪና ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም በውስጡ በግልጽ አስገቡ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲቀበለው ጠይቁ። ሽማግሌዎቹ «ኪሳራውን ተቻቻሉ» ብለው እንደሆነ ቃላቸው ይጻፍ፤ ያለዚያ ዳኛው ሊያውቀው አይችልም።

ይርጋንም፣ የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን፣ አትርሱ። አዲስ ክስ ለማቅረብ ፈቃድ ብታገኙ እንኳ ጊዜውን የመጀመሪያው ክስ እንዳልነበረ አድርጋችሁ ቁጠሩ። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ በመኪና አደጋ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 የሚሰጠው 2 ዓመት ነው፤ በመመላለስ ያልቃል።

የውክልና ሥልጣናችሁንም ከማመልከቻው በፊት አውጥታችሁ አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መታረቅ ልዩ ውክልና ከሚጠይቁ ሥራዎች አንዱ ነው። በውክልናው ላይ ክስ ስለማንሳትና ስለመታረቅ በግልጽ ካልተጻፈ ባለጉዳዩን ይዛችሁ ችሎት ቅረቡ፣ ፈቃዱን በራሱ አንደበት ይናገር፣ ቃሉም በመዝገቡ ይስፈር።