ያልተመለሰ ጥያቄ ለማን ይቅረብ?

«በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጸሎት ከበደኝ። መጠራጠር ኃጢአት ነው?» (ከጎንደር)

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ቶማስ የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም ብሎ ነበር፤ ጌታ ግን እጁን ዘርግቶ እንዲዳስስ ጋበዘው እንጂ ከማኅበሩ አላስወጣውም። ዳዊት የሚደግም ሰውም «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ሳይል አያልፍም። ይህን ጥያቄሽን ግን በቀጥታ ስርጭት ክርክር ላይ አታቅርቢው። እዚያ ጥቅስ ይወረወርብሻል፤ አንቺ የሚያስፈልግሽ ስለ እናትሽ የሚጠይቅሽ ሰው ነው።

«ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር በቴሌግራም እወያያለሁ፤ ሁልጊዜ በስድብ እንለያያለን። ምን ላድርግ?» (ከደሴ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከተመልካች ራቁ። ብዙ ሰው በሚከታተለው ቡድን ውስጥ «እዚህ ላይ ልክ ነህ» ማለት ሽንፈት ይመስላል፤ ለብቻ ሲሆን ግን ይቻላል። ቀጥሎ እምነቱን ከራሱ አፍ ስማ። «እናንተ ኢየሱስን አታከብሩም» ብለህ ብትጀምር ሙስሊሙ ወዲያው ጆሮውን ይነሳሃል፤ ዒሳን በነቢይነት ይቀበላልና፤ በመርየም ስም የተሰየመ ምዕራፍም በቁርኣን አለና። «ያልከውን በትክክል ተረድቼሃለሁ?» ብለህ ጠይቅ፤ «አዎ» እስኪልህ ድረስ መልስ አትስጥ። አንዱ ጥያቄ ሳያልቅም ወደ ሌላው አትዝለሉ።

የምትገባው ለማሸነፍ ከሆነ ግን ባትገባ ይሻላል። ከከተማህ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጠሩት ጉባኤ በኦርቶዶክስ ሊቃውንት መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክር በንጉሥ ሥልጣን ተዘጋ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ብዙዎች በአፋቸው እሺ ብለው በልባቸው የነበሩበት ቀሩ፤ ሌሎችም ተሰደዱ። አፍ ማስያዝና ማሳመን ለየቅል ናቸው።

«ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። በሃይማኖት ላይ ያለኝን ጥርጣሬ ለማላውቀው ሰው እጽፋለሁ። ያሰጋል?»

አዎ፣ ያሰጋል። በሳዑዲ ዓረቢያ እስልምናን የሚነቅፍ ጽሑፍ ለእስር ሊዳርግ ይችላል። ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያየው በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ዝጊው፤ ፎቶሽንና የአሠሪሽን ስም አትላኪ። የጻፍሽውን ብታጠፊው እንኳን ተቀባዩ ቀድቶ ሊያስቀረው ይችላል።

«ልጄ አላምንም ብሎ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲጽፍ ደረስኩበት። ልቅጣው?» (አባት፣ ከጅማ)

አይቅጡት። ነቢዩ ኢብራሂም ሙታን እንዴት ሕያው እንደሚሆኑ እንዲያሳያቸው ጌታቸውን ጠየቁ፤ «አላመንክምን?» ሲባሉ «አምኛለሁ፤ ግን ልቤ እንዲረጋ» አሉ (ቁርኣን፣ አል-በቀራ 260)። ልጅዎ ለእርስዎ ያልነገረውን ለእንግዳ የነገረው ቁጣዎን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት ይጠይቁት፤ ተናግሮ እስኪጨርስም አያቋርጡት። የማያውቁት ነገር ከመጣ «አላውቅም፤ አብረን ዐዋቂ እንጠይቅ» ይበሉት።