ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የዕፅዋት ካፕሱል ኮሮናን ያጠፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ደም ግፊት አለብኝ፤ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ልጄ «ኮሮና ቫይረስን የሚያጠፉ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ተገኙ» የሚል አንብባ፣ ሊኮሪስ፣ ኩርኩሚንና ኩዌርሴቲን ያለበት ካፕሱል ገዛችልኝ። «ከዕፅዋት ስለሆነ ምንም አያደርግህም» ትላለች። ልጀምረው?

መልስ፦ ይቅርብዎ። በተለይ ሊኮሪሱ ለእርስዎ አይሆንም፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

ልጅዎን ግን እንዳይቆጧት። ያነበበችው ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ሦስቱም ንጥረ ነገሮች በላብራቶሪ ኮሮና ቫይረሶች ላይ ተሞክረዋል፤ ውጤትም አሳይተዋል። ጥያቄው «ውጤት» የተባለው የት ታየ ነው።

ሙከራው ይህን ይመስላል። መዳፍ የሚያክል የፕላስቲክ ሳህን አለ፤ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። በየጉድጓዱ ሥር ሕዋሳት እንደ ምንጣፍ ተነጥፈዋል። ብዙ ጊዜ ከጦጣ ኩላሊት የተገኙ፣ ቬሮ የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ቫይረስ ይጨመርባቸዋል፣ ከዚያ ንጥረ ነገሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምንጣፉ ከተቦጫጨቀ ቫይረሱ አሸንፏል። ደህና ከሆነ ንጥረ ነገሩ ሠርቷል። እዚህ ውስጥ ጨጓራ የለም፣ ጉበት የለም፣ ሰውም የለም።

አንዳንዱ ዜና ደግሞ እዚህም አልደረሰም። ቫይረሱ ረጅም የፕሮቲን ሰንሰለት ሠርቶ የሚቆራርጥበት መቀስ አለው፤ ፕሮቲዬዝ ይባላል። በዕፅዋት ውስጥ የሚገኘው ኩዌርሴቲን በዚህ መቀስ ውስጥ ሊገጥም እንደሚችል በኮምፒውተር ተሰልቷል። ስሌቱ ለተመራማሪ ጥሩ መነሻ ነው። ለካፕሱል ሻጭ ግን ማስታወቂያ ሆነ።

ወደ ሊኮሪስ እንምጣ። ጣፋጭ ሥር ነው፤ ዋናው ንጥረ ነገሩ ግሊሲሪዚን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኮሮና ዘመድ የሆነው ሳርስ በተዛመተ ጊዜ የፍራንክፈርት ተመራማሪዎች በሳርስ ቫይረስ ላይ ሞከሩት፤ የቫይረሱን መባዛት ገታ። ነገር ግን መባዛቱን በግማሽ ለመቀነስ በአንድ ሊትር ፈሳሽ 300 ሚሊግራም አስፈልጎ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው። የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። 300 በ5 ሲባዛ 1,500 ሚሊግራም። ይህ ደም ውስጥ ብቻ መገኘት ያለበት ነው፤ ሳንባውንና ሌላውን አካል አልቆጠርንም። የአውሮፓ ኅብረት የሳይንስ ኮሚቴ አዘውትሮ ለሚወስድ ሰው በቀን ከ100 ሚሊግራም ባይበልጥ ብሎ መክሯል።

የዋጡት ግሊሲሪዚን ደግሞ በአብዛኛው እንዳለ ወደ ደም አይገባም። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል። ይህ አዲሱ ንጥረ ነገር ቫይረሱን ትቶ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። እዚያ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያከሽፈውን ኢንዛይም ያግዳል። ያኔ ሳይከሽፍ የቀረው ኮርቲሶል ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ፣ ፖታሺየም እንዲጥል ያደርጋል። ግፊት ይጨምራል። የእርስዎ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በራሱ ፖታሺየም ያስወጣል። ሁለቱ ሲደረቡ ጡንቻ ይዝላል፣ እግር ይሸመቅቃል፣ ሲብስም የልብ ምት ይዛባል።

ኩርኩሚን ችግሩ ሌላ ነው። ከእርድ የሚገኝ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ፈቃደኞች በቀን በርካታ ግራም ወስደው እንኳ ደማቸው ውስጥ የተገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ደማቅ ቀለም ስላለውና ካገኘው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ስለሚጣበቅ፣ የላብራቶሪ መለኪያዎችንም ያሳስታል። መድኃኒት ቀማሚዎች «የሁሉም መድኃኒት» የሚመስል ነገር ሲያዩ የሚጠረጥሩት ለዚህ ነው። እኔም እጠረጥራለሁ።

ከሳህኑ እስከ ሰው ያለውን ርቀት ክሎሮኪን በደንብ አሳይቶናል። ክሎሮኪን በፋብሪካ የሚሠራ ቢሆንም ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው የኪኒን ዘመድ ነው። (ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለውም ከዚያው ነው።) እ.ኤ.አ. በ2020 በቬሮ ሕዋሳት ላይ ኮሮናን አስቆመ፤ ዓለም ጉድ አለ። ቫይረሱ ቬሮ ውስጥ የሚገባው በአሲዳማ ከረጢት በኩል ነው፤ ክሎሮኪን ያንን አሲድ ይቀንሳል። የሳንባ ሕዋስ ግን ሌላ በር አለው፤ በላዩ ያለ ኢንዛይም ቫይረሱን ቆርጦ በቀጥታ ያስገባዋል። ክሎሮኪን እዚያ ምንም አልሠራም። ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ የብሪታንያ ጥናትም የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ከሞት እንዳልታደገ በዚያው ዓመት አረጋገጠ። ይኸው ጥናት ከአንድ የአበባ ተክል የሚገኘውን ኮልቺሲንን ከ11,000 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ፈተሸ፤ ከተሰጣቸውም ካልተሰጣቸውም 21 በመቶው ሞቱ።

ይህን ስል ዕፅዋትን እያጣጣልኩ አይደለም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ከአርቴሚሲያ ቅጠል አርቴሚሲኒንን አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ለወባ ነው ታዲያ። የኢንፍሉዌንዛው መድኃኒት ኦሰልታሚቪርም መነሻው ስታር አኒስ ከሚባል ቅመም የሚወጣ አሲድ ነበር። ግን አሲዱ መድኃኒት የሚሆነው በኬሚስቶች እጅ ብዙ ደረጃ አልፎ ነው፤ ቅመሙን አፍልተው ቢጠጡት ኦሰልታሚቪር አያገኙም። ኮሮናን በተመለከተ ግን በትልልቅ ጥናቶች በሰው ላይ ተፈትኖ እንደሚያድን የተረጋገጠ የዕፅዋት ካፕሱል አላውቅም።

አሁን ምን ያድርጉ? ካፕሱሉን አስቀድመው ጀምረውት ከሆነ ያቁሙ፤ ግፊትዎን ይለኩ፣ ፖታሺየምም ይመርመሩ። የግፊት መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ። የኮሮና ክትባትዎ ዘመኑ ያለፈበት ከሆነ ይጠይቁ። ትኩሳትና ሳል ከጀመረዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ፤ ፓክስሎቪድ የተባለው የኮሮና መድኃኒት የሚጀመረው ምልክቱ በታየ በ5 ቀን ውስጥ ነው። እሱም የአምሎዲፒንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል የዕፅዋት ካፕሱል የሚወስድ ሰው ደግሞ ፓክስሎቪድ አይሰጠውም፤ ዕፁ ጉበትን አነቃቅቶ መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግደዋል። ስለዚህ ሲመጡ የሚውጡትን ሁሉ፣ ልጅዎ የገዛችውን ጠርሙስ ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይምጡ።