«ምን ይጠቅማል?» ለምትሉኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ፈንገስ እየበሉ ስለሚኖሩ አበቦች ባወራሁ ቁጥር፣ ከሐረርም ሆነ ከድሬዳዋ የምትመጡ ተማሪዎች አንዲት ጥያቄ አታጡልኝም፦ «ጋሼ፣ ምን ይጠቅማል?» መልሱ ረዘም ስለሚል በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ።

ጥያቄው ነውር የለበትም። የገበሬና የነጋዴ ልጅ ጥቅም ቢጠይቅ ደግ አደረገ እላለሁ። የማልወደው ቅደም ተከተሉን ነው። ዕድሜዬን በእርሻ ሙያ የፈጀሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር አጥብቄ እላችኋለሁ፤ «እንዴት ይኖራል?» ሳይባል «ምን ይጠቅማል?» የተባለለት ተክል መልስ አይሰጥም።

ነገሩን አዲስ ለምትሰሙት ላስረዳ። ቅጠል የሌላቸው፣ አረንጓዴ ቀለም ያልፈጠረባቸው፣ ከፀሐይ ምንም የማይጠብቁ አበቦች አሉ። ሥሮቻቸው ውስጥ የሚገባውን ፈንገስ ይመገባሉ፤ ስኳሩንም ማዕድኑንም የሚያገኙት ከእሱ ነው። ፈንገሱ ደግሞ ስኳሩን ያመጣው በዙሪያው ካሉ ዛፎች ሥር ነው። ለዛፉ ፎስፈረስ ያቀርባል፣ ዛፉም በልዋጩ ስኳር ይሰጠዋል። አበባዋ በሁለቱ መካከል ገብታ ምንም ሳትከፍል ድርሻዋን ታነሣለች። አወዳይ ገበያ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ታውቃላችሁ።

ይህን ማወቅ ጊዜ ወስዷል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ደኖች ውስጥ የምትበቅል ሞኖትሮፓ የምትባል ፈዛዛ ተክል አለች። የድሮ መጻሕፍት የበሰበሰ ቅጠል እየበላች ትኖራለች ይሉ ነበር። ፖላንዳዊው ፍራንሲሼክ ካሚየንስኪ ግን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሥሯን በማይክሮስኮፕ መረመረ። ሥሩ ዙሪያውን በፈንገስ ተሸፍኗል፤ ከዛፍ ሥር ጋር የተያያዘበት ቦታም የለም። እንግዲያው ምግቡ ሁሉ በፈንገሱ በኩል ማለፍ አለበት ሲል ደመደመ። በ1960 ስዊድናዊው ኤሪክ ቢዮርክማን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ያለበትን ስኳር ለዛፍ ሰጥቶ፣ ያንኑ ካርቦን አጠገቡ ባለችው ሞኖትሮፓ ውስጥ አገኘው። ከአንዱ ጥርጣሬ እስከ ሌላው ማረጋገጫ ሰማንያ ዓመት ገደማ አልፏል። ዛሬ ዘርቶ ነገ ውጤት የሚጠይቀኝን ተማሪ ስሰማ እነዚህ ሁለት ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ከእነዚህ ተክሎች መካከል በብርቅነቷ የምትታወቀው ቲስሚያ ናት፤ ብዙ ዝርያዎች አሏት። ዓመቱን ከአፈር በታች ትኖርና ለጥቂት ሳምንት ብቻ ትንሽ አበባ ታወጣለች። አንዷን ዝርያ በ1912 ያገኘቻት ኖርማ ፋይፈር የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፤ ቦታውም ሩቅ ጫካ ሳይሆን የቺካጎ ከተማ ዳርቻ የሆነ እርጥብ የሣር መስክ ነው። አበባዋ እስከ 1916 ታየች፣ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ተፈልጋ አልተገኘችም። ሌላዋን በቦርኔዮ ደሴት በ1866 የመዘገባት ጣሊያናዊው ኦዶአርዶ ቤካሪ ነው። ይህ ሰው በ1870 ወደ እኛው አካባቢ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ወዳለው ቦጎስም መጥቶ ነበር። የቦርኔዮዋ አበባ ከዚያ በኋላ ከሰው ዓይን ጠፍታ በ2017 እንደገና ተገኘች፤ 151 ዓመት መሆኑ ነው። ፈላጊዎቹ እሷ መሆኗን ለማወቅ የረዳቸው ቤካሪ የተወው ሥዕልና መግለጫ ነበር። በጃፓን ኮቤ ከተማ በ1992 የተገኘችውም እንዲሁ ጠፍታለች ተብላ ከታወጀ በኋላ፣ በ2021 ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ሌላ ደን ብቅ ብላለች።

አሁን ወደ ማሽላችን ልመለስ፤ ትዕግሥት አድርጋችሁ የቆያችሁት ለዚህ ነውና።

አቀንጭራ የሚባለውን አረም የማያውቅ የሐረርጌ ገበሬ የለም። አቀንጭራ ከቲስሚያ ይለያል፤ አረንጓዴ ቅጠል አለው፣ የሚሰርቀውም በፈንገስ በኩል ሳይሆን ሥሩን በቀጥታ ማሽላው ሥር ውስጥ ሰክቶ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል፤ የሚነቃውም የሚመቸው ሰብል ሥር ሲቀርበው ነው። በምን ያውቃል? ሥሩ በሚያመነጨው ኬሚካል። ይህ ኬሚካል በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ወጣ። ግን አንድ ተክል ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ያመነጫል? ለዚህ መልስ የተገኘው በ2005 ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች የዚያው ወገን ኬሚካል አፈር ውስጥ ያሉትን ረዳት ፈንገሶች የሚጠራ መሆኑን አሳዩ። ማሽላው ፎስፈረስ ሲያጥረው ወዳጁን ይጣራል፤ አቀንጭራ ጥሪውን አዳምጦ ቀድሞ ይደርሳል። ቲስሚያ የምትመገባቸው ፈንገሶች ደግሞ የማሽላውም የቡናውም ሥር የሚወዳጃቸው የዚያው ወገን ፈንገሶች ናቸው። «ምን ትጠቅማለች?» የተባለችው አበባና የእናታችሁ እርሻ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህን መንገድ ወደ ጥቅም ያደረሰውን ሰው ማወቅ ይገባችኋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተማሩት እዚሁ ደጃችን፣ ያኔ ዓለማያ በሚባለው እርሻ ኮሌጅ ነው። በኋላ አሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የጠየቁት አቀንጭራ በምን ይጠፋል የሚለውን ብቻ አልነበረም። አቀንጭራና ማሽላ እንዴት ይነጋገራሉ ብለውም ጠየቁ። ያን ጥሪ እጅግ አሳንሶ የሚያወጣ ማሽላ መርጠው አዳቀሉ። ጎብዬ፣ አብሽር፣ ብርሃን የምንላቸው ዘሮች ከዚህ ሥራ የወጡ ናቸው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እንግዲህ ለእናንተ የሚሆን ሥራ። በእኛ ቆላ ቲስሚያ ፈልጉ አልላችሁም፤ የምትወደው ጥላና እርጥበት ነው። ይልቅ ግራር ሥር ተመልከቱ። ሃይድኖራ የምትባል ቅጠል የለሽ ተክል በአገራችን ደረቅ ቆላዎች አለች፤ የግራር ሥር ላይ ተጣብቃ ትኖርና ዝናብ ሲመታ ወፍራም አበባዋን ከአፈር ትገፋለች። ሽታዋ ጥሩ አይደለም፣ ግን ጥንዚዛ የምትጠራበት ነው።

ያልተለመደ ነገር ካገኛችሁ ለመንቀል አትቸኩሉ። እንዲህ ያለ ተክል ከሚመግበው ዛፍ ወይም ፈንገስ ተለይቶ ግቢ ውስጥ አይጸድቅም፣ ማሰሮ ውስጥ የተከላችሁት ቀን ሞቷል። ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ ከፍታውን፣ አጠገቡ ያለውን ዛፍ በደብተር ጻፉ። «ደንገጎ አካባቢ» ብሎ ነገር አይሠራም፤ የትኛው ቁልቁለት፣ ከመንገዱ በየት በኩል? ስልካችሁ የቦታውን መጋጠሚያ ይነግራችኋል። እሱን ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። በእንግሊዝ ጠፍታለች ተብላ በ2009 እንደገና የታየችው ቅጠል የለሽ ኦርኪድ ቦታዋ ለሕዝብ አልተነገረም፤ ሰብሳቢ እንዳይነቅላት። ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መምህራን ወይም አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ንገሩ። ናሙና ውሰዱ ካሏችሁ አንዲት አበባ ትበቃለች። ሥጋማ ስለሆነች ጋዜጣ መካከል ብትጫን ትጨማደዳለች፤ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ውስጥ አስቀምጧት፣ ወረቀቱንም በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ ጨምሩ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።