ዘንዶው አልበላም ሲል መጀመሪያ ወለሉን ይለኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሮያል ፓይተን (በቤት የሚያዝ የዘንዶ ዝርያ) አለኝ። 210 ግራም ይመዝናል። እኔ ጋ ከመጣ በኋላ ሁለት ጊዜ በላ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አይጡን ምላሱን እያወጣ ካየው በኋላ ፊቱን ያዞራል። ሳጥኑ የመስታወት ነው፤ ከሥሩ ማሞቂያ ምንጣፍ አለው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቴርሞሜትር 28 ዲግሪ ያሳያል። ምግቡን ልቀይርለት?

መልስ፦ ምግቡን ለጊዜው ይተዉት። ያነበቡት 28 ዲግሪ ግድግዳው አጠገብ ያለው አየር ነው፤ ዘንዶው ግን የሚተኛው ወለሉ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ከአሥር ዲግሪ በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) የሌለው ምንጣፍ ከ45 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ዘንዶ ደግሞ ሆዱ እየተቃጠለም ቢሆን ከቦታው ላይነሳ ይችላል። በተቃራኒው ወለሉ ከቀዘቀዘ የበላውን መፍጨት ስለማይችል መብላቱን ያቆማል። የምግብ ችግር የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ችግር ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚፈለገው ይህ ነው፦ በሞቃቱ ጎን የወለሉ ሙቀት ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ጎን ከ25 እስከ 27፤ ሌሊትም የትኛውም ጥግ ከ24 በታች አይውረድ። ምንጣፉ የሚሸፍነው የወለሉን ሲሶ ብቻ ይሁን፤ ሙሉውን ከሸፈነ ዘንዶው ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ሙቀት የሚለካውን የቴርሞስታቱን ሽቦ ጫፍ ከውጭ በኩል፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል ያስይዙት። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ቴርሞስታቱ «ገና አልሞቀም» ብሎ ምንጣፉን እያጋለ ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ ከሆነም ዘንዶው ገፍቶ ያነሳዋል። ሳጥኑ ውስጥ በፕላስተር ማጣበቅም አይሆንም፤ ፕላስተር ቆዳው ላይ ተጣብቆ ቅርፊቱን ይልጣል። ከዚያ በሌላ ቴርሞሜትር፣ ከምንጣፉ በላይ ባለው መደበቂያ ውስጥ፣ ባዶውን መስታወት ይለኩ። ጉዝጓዙን ቆፍሮ መስታወቱ ላይ ስለሚተኛ የጉዝጓዙን ላይኛ ክፍል መለካት አይበቃም። ቴርሞስታቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ 32 ላይ ሲረጋ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይከታተሉት።

መደበቂያው ሁለት ይሁን፤ አንዱ በሞቃቱ፣ ሌላው በቀዝቃዛው ጎን። ሰፊ መደበቂያ አይወድም፤ ተጠቅልሎ ሲገባ ጎኖቹ ግድግዳውን የሚነኩ ከሆነ ልኩ ነው። አንድ ብቻ ካለ ዘንዶው ከመደበቅና ከመሞቅ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የሚመርጠውም መደበቅን ነው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ለአንድ ሳምንት ሳይነኩት ይቆዩና ምግብ ያቅርቡ። በዚህ ዕድሜ የአንድ ጊዜ ምግብ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ለእርስዎ ዘንዶ ከ21 እስከ 31 ግራም ማለት ነው። የአይጡ ውፍረት ከዘንዶው ወገብ ወፍራም ቦታ ጋር እኩል ይሁን። በየሰባት ቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል። 500 ግራም ገደማ ሲደርስ ቀስ በቀስ ወደ አሥርና አሥራ አራት ቀን ይራዘማል። እምቢ ካለ በማግስቱ ደግመው አያቅርቡለት፤ በየቀኑ ሲጨነቅ ይበልጥ ይዘጋል። ዓይኑ ደፍርሶ ሰማያዊ ከመሰለ ቆዳ ሊቀይር ነውና ይጠብቁት። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፤ ለዚህ ብቻ የተለየ ሚዛን ቢሆን ይመረጣል። ክብደቱ 190 ግራም ገደማ ከወረደ፣ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰና አፍንጫው አረፋ ካሳየ፣ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ በረዶ የሆነውን አይጥ በማይክሮዌቭ ማቅለጥ ይቻላል? ወይስ በሕይወት ያለ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይመከሩም። ማይክሮዌቭ ውጪውን አብስሎ ውስጡን በረዶ ይተወዋል፤ ሆዱም ሊፈነዳ ይችላል። በሕይወት ያለ አይጥ ደግሞ ይነክሳል፤ ዘንዶው ካልራበው አይጡ ጀርባውን እስከ አጥንት ሊበላው ይችላል።

ማታ አይጡን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ያውርዱ፤ ከምግባችሁ በተለየ ክዳን ባለው ዕቃ። በነጋታው በተዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት አድርገው 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ሆዱን በጣት ሲጫኑት ጠጣር ነገር ከተሰማዎት አልቀለጠም። ያድርቁት፤ እርጥብ ጸጉር ጉዝጓዝ ይዞ ወደ ሆድ ይገባል። በመጨረሻ ጭንቅላቱን በፀጉር ማድረቂያ እስከ 38 ዲግሪ ያሙቁት። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሮያል ፓይተን ግን ከንፈሩ ላይ ባሉት ጉድጓዶች የሙቀት ልዩነትን ያያል፤ ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ምግብ አይመስለውም። በምሽት፣ መብራት ቀንሰው፣ 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ወረንጦ ከጎን በኩል ያስጠጉት። ፊት ለፊት ከመጡበት ይፈራል። ካልያዘው መደበቂያው በር ላይ ትተውት ይሂዱ፤ ጠዋት ካልተነካ ይጣል እንጂ ተመልሶ ፍሪዘር አይግባ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ አይጡም ዘንዶውም ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የበላውን በሁለተኛው ቀን አስመለሰ። ርቦት ይሆናል ብዬ ወዲያው ልመግበው?

መልስ፦ በፍጹም። ሲያስመልስ የሆዱ አሲድ ጉሮሮውን ያቃጥላል፤ የምግብ መፍጫውም ይዳከማል። ከ10 እስከ 14 ቀን ውሃ ብቻ ይኑረው፤ ከዚያ የተለመደውን ግማሽ የሚያህል ምግብ ይስጡት፤ እሱ ከተፈጨለት የሚቀጥለውንም እንዲሁ። መንስኤዎቹ ብዙም አይደሉም፦ ሌሊት የወረደ ሙቀት፣ ከመጠን ያለፈ አይጥ፣ ወይም ከበላ በ48 ሰዓት ውስጥ ማንሳት። ለሁለተኛ ጊዜ ካስመለሰ ግን በቤት የሚፈታ አይደለምና ከሰገራው ናሙና ጋር ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቆዳው ቁርጥራጭ እየሆነ ይወጣል።

መልስ፦ እርጥበቱ አንሷል። ከ55 እስከ 65 በመቶ ይያዙት፤ ዓይኑ ሲደፈርስ ወደ 70 ያድርሱት፤ እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ያለበት መደበቂያ ቢጨምሩለት ይረዳዋል። ጉዝጓዙ ግን ውሃ አይቋጥር፤ ረግረጋማ ወለል የሆድ ቅርፊቱን ያቆስላል። ዓይኑ ላይ የቀረ ሽፋን ካለ በጥፍርም በወረንጦም አይንኩት። በሚቀጥለው ቅያሬ አብሮ ካልወጣ ሐኪሙ ያውጣው።